«ደብል ኢንደምኒቲ»፦ መጽሐፉ ወይስ ፊልሙ? (መጨረሻው ይነገራል፣ ያላያችሁ ተጠንቀቁ)

ጥላ_በመጋረጃ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው ሳምንት መብራት ሄዶ ላፕቶፔ ላይ የቀረችው ባትሪ ለአንድ ፊልም ብቻ ነበር የምትበቃው። «ደብል ኢንደምኒቲ»ን ከፈትኩ። ሳየው ሦስተኛዬ ነው። በማግስቱ ደግሞ መጽሐፉን ፈልጌ አነበብኩ። አጭር ነው፣ በአንድ ቀን ያልቃል።

ለማታውቁት ባጭሩ። ፊልሙ የ1944 ነው (በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች እንደዚያው)። ዳይሬክተሩ ቢሊ ዋይልደር ነው፣ ስክሪፕቱን ከሬይመንድ ቻንድለር ጋር ነው የጻፈው። መጽሐፉ የጄምስ ኤም ኬን ነው። በ1936 «ሊበርቲ» መጽሔት ላይ በተከታታይ ወጣ፣ በመጽሐፍ የታተመው ግን በ1943 ነው።

ታሪኩ ሎስ አንጀለስ ነው። ዋልተር ኔፍ የኢንሹራንስ ሻጭ ነው። የመኪና ኢንሹራንስ ሊያሳድስ አንድ ቤት ይሄዳል። ባልየው የለም፣ ሚስትየዋ ፊሊስ ግን አለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ገምቱት። ባልየው ሳያውቅ የአደጋ ኢንሹራንስ ያስገቡታል፣ ይገድሉታል፣ ከባቡር የወደቀ ያስመስሉታል። ለምን ከባቡር? ውሉ ላይ፣ እምብዛም በማይደርስ አደጋ ከሞተ ካሳው እጥፍ ይሆናል የሚል አንቀጽ አለ። 50 ሺው ዶላር 100 ሺ ይሆናል።

የኔ አቋም፦ ፊልሙ ይበልጣል። የሚበልጠውም በሴትየዋ አይደለም። በክብሪት ነው።

ኬይስ የካሳ ክፍሉ ኃላፊ ነው። ሲጋሩ ከአፉ አይጠፋም፣ ክብሪት ግን ኪሱ ኖሮ አያውቅም። ኪሶቹን መዳበስ ሲጀምር ዋልተር ቀድሞት በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫር ያደርግና ያቀጣጥልለታል። ፊልሙን ሙሉ እንዲህ ነው። መጨረሻ ላይ ዋልተር ቆስሎ በሩ ሥር ወድቋል። ሲጋራውን አፉ ላይ ያደርሳል፣ ክብሪቱን ለመጫር ግን አቅም የለውም። ኬይስ ይቀበለውና ይለኩስለታል። አለቀ።

መጽሐፉ ውስጥ ይህ የለም። እስቲ ተከራከሩኝ።

ኩራዝ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15

ልጄ ጥላ፣ ክብሪቱን ወድጄልሃለሁ። መጽሐፉን ግን በአንድ ቀን ውጠህ ሳይፈጭልህ ፈረድክበት።

እኔ ያነበብኩት የዛሬ አርባ ዓመት ግድም ነው። ለገሃር አካባቢ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ገዛሁት። ሽፋኑ ተገንጥሎ የመጀመሪያው ቅጠል ጠፍቶ ነበር። የደራሲውን ስም ሳላውቅ ነው ያነበብኩት፣ ማን እንደሆነ የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው። እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር።

የመጽሐፉ ፊሊስ ገንዘብ የቋመጠች ቆንጆ ብቻ አይደለችም። ነርስ ነበረች። ከኋላዋ የሞቱ ሰዎች አሉ፣ ሕፃናት ሳይቀሩ። ሞትን የምታስበው እንደ ሙሽራ ነው። መጨረሻው ደግሞ፣ ሁለቱም በመርከብ እየሸሹ ነው። ማምለጫ የለም። በጨረቃ ብርሃን ባሕር ውስጥ ሊዘሉ ይስማማሉ፣ መርከቡን ደግሞ ሻርክ እየተከተለው ነው። ፊቷን እንደ ኖራ ነጭ ተቀብታ፣ ቀይ ሐር ተከናንባ ትመጣለች። እና አንተ ክብሪት ትለኛለህ!

ፊልሙ ያቺን ሴትዮ ፈርቷታል ባይ ነኝ።

ካሳ_ከፋይ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡50

እንደምን አደራችሁ። እኔ የፊልም ሰው አይደለሁም። ግን አንድ መድን ድርጅት ውስጥ ካሳ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ስለሠራሁ ይህ ፊልም የኔ ነው እላለሁ 😄

መጀመሪያ ርዕሱ። አንዳንዶች «ድርብ ካሳ» ሲሉት አይቻለሁ። «እጥፍ ካሳ» ይሻላል። ድርብ ሲባል ሁለት የተለያዩ ካሳዎች ይመስላል። እዚህ ካሳው አንድ ነው፣ መጠኑ ነው የሚታጠፈው።

ሁለተኛ፣ የአብዛኛው ሰው ዓይን ፀጉሯ ላይና ሽጉጡ ላይ ነው። የኔ ዓይን እግሩ ላይ ነው። ባልየው ከመሞቱ በፊት እግሩ ተሰብሮ በክራንች ነው የሚሄደው። የአደጋ ኢንሹራንስ አለው ተብሏል። እግሩን ሰበረ። ካሳ ግን አልጠየቀም!

ኬይስ እዚህ ላይ ሲደርስ ጮህኩ። ቢሮ ውስጥ አንድ ፋይል ስትገልጪ የሚያስደነግጥሽ የተጻፈው ሳይሆን መኖር ሲገባው የሌለው ወረቀት ነው። አረቦን የከፈለ ሰው ጣቱን በር ቢቆነጥጠው እንኳ ፎርም ይዞ ይመጣል። እግር ተሰብሮ ዝም? ሰውየው ኢንሹራንስ እንዳለው አያውቅም ማለት ነው። ኬይስም የደረሰው እዚያው ላይ ነው። ይህን የጻፈው ሰው የኢንሹራንስን ሥራ ከውስጥ ያውቀዋል።

ጥላ_በመጋረጃ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡30

@ካሳ_ከፋይ ልክ ነሽ፣ ያውቀዋል። ኬን ራሱም ለጥቂት ጊዜ ኢንሹራንስ ሸጧል፣ አባቱም በኋላ ዘመኑ ኢንሹራንስ ውስጥ ሠርቷል።

ፊርማውንስ ታዘብሽ? ባልየው የመኪናውን ማደሻ ይፈርማል። ከዚያ ዋልተር «ኮፒውም ላይ እዚህ ጋ» ይለዋል። ሁለተኛው ወረቀት የሞቱ ውል ነው።

ካሳ_ከፋይ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡05

ታዝቤያለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኮፒ ላይ ስፈርም ከላይ እስከ ታች ነው የማነበው። ባንክ ወረፋ ላይ ሰው አስለቅሻለሁ።

ቀለም_ይሻላል | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡20

ይቅርታ አድርጉልኝና ጥቁርና ነጭ ፊልም አሥር ደቂቃ ካየሁ እተኛለሁ። ገዳዩ ገና መጀመሪያ ላይ ከታወቀ ደግሞ ምኑ ይታያል? ወይስ አልገባኝም?

ሦስት_እግር | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡00

@ቀለም_ይሻላል አንተን ሳይሆን ብርሃኑን ነው የምከላከለው። ሙያዬ ካሜራ ነው፣ አብዛኛው እንጀራዬ ሠርግ ነው።

ዋልተር መጀመሪያ ወደ ፊሊስ ቤት ሲገባ ሳሎኑን እይ። ውጪው የካሊፎርኒያ ፀሐይ ነው። ውስጥ በመስኮቱ ሽንሽን መጋረጃ በኩል ብርሃኑ ተቆራርጦ ይገባል፣ ሰውየው ላይ የእስር ቤት ብረት ይመስላል። አየር ላይ አቧራ ይንሳፈፋል። የካሜራው ባለሙያ ጆን ሳይትዝ ይባላል። አቧራው ለካሜራ በደንብ እንዲታይ የአልሙኒየም ብናኝ ነው አየር ላይ የበተነው። ያ ቤት አየሩ ራሱ የቆየ፣ ያልተናፈሰ ይመስላል። በቀለም ቢሆን ቢጫ ሳሎን ብቻ ነበር የምታየው።

ገዳዩ ስለመታወቁ፦ ያ ሆን ተብሎ ነው። «ማን ገደለ» የሚለው ጥያቄ ከሄደልህ የሚቀርህ «መቼ ይያዛል» ነው። እሱ ደግሞ ሆድ ይቆርጣል። ግድያው እንኳ አይታይም። መኪና ውስጥ አጠገቧ ባሏ ሲታነቅ ካሜራው የፊሊስ ፊት ላይ ይቆማል። ትነዳለች፣ ወደ ፊት ታያለች። ፊቷ ላይ የምታየው ነገር… ራስህ እየው።

በነገራችን ላይ ፊሊስን የምትጫወተው የባርባራ ስታንዊክን ዊግ አልወድላትም። ከፊልሙ ስቱዲዮ ከፓራማውንት ኃላፊዎች አንዱም አይቶት «ባርባራ ስታንዊክን ቀጥረን ጆርጅ ዋሽንግተን መጣልን» ብሏል ይባላል።

ፌርፋክስ_ጥግ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡10

ሰላም ከሎስ አንጀለስ። እዚህ ጠዋት ነው።

እዚህ ለሃያ ዓመት ሰው ሳመላልስ ኖሬያለሁ። ሊትል ኢትዮጵያ ቡናዬን ጠጥቼ ሥራ ስጀምር አንዳንዴ ወደ ሆሊውድ ኮረብቶች የሚሄድ ሰው ይደርሰኛል። የፊሊስ ቤት ውጪውን የቀረጹት ኩቤክ ድራይቭ የሚባል መንገድ ላይ ነው፣ ቤቱ አሁንም ቆሟል። ነጭ ግድግዳ፣ የስፓኒሽ አሠራር፣ ዳገት ላይ። የሰው መኖሪያ ስለሆነ ቆሜ አላፈጥም፣ ቀስ ብዬ አልፋለሁ።

የገረመኝ ሌላ ነው። ስለዚህ ከተማ የሚነገረው ፀሐይ፣ ባሕር፣ ዘንባባ ነው። ኬን የምሥራቁ ሰው ነው፣ ሜሪላንድ ያደገ። ዋይልደር በ1933 ከበርሊን ሂትለርን ሸሽቶ የወጣ አይሁዳዊ ነው፣ እንግሊዝኛውን ከመጣ በኋላ ነው የተማረው። ሁለቱም መጤ ናቸው። እኔ የማውቀውን ሎስ አንጀለስ ያየሁት እነሱ ጋ ነው። ሰው ቤት በመኪና ትሄዳለህ፣ አንድ ወረቀት ታስፈርማለህ፣ ትወጣለህ። ማንም ማንንም አያውቅም። ሁለቱ ሲመካከሩ እንኳ የሚገናኙት ሱፐርማርኬት ውስጥ ነው፣ በታሸገ ምግብ መደርደሪያ መሃል። ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ስለ ግድያ ያወራሉ፣ አንዲት ሴትዮ መጥታ ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ አውርድልኝ ትለዋለች። ያቺን ሴትዮ በየቀኑ ነው የማገኛት።

ኩራዝ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

ፌርፋክስ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጥሩ አድርገህ ጻፍከው።

የታሪኩ ምንጭ ግን ኒው ዮርክ ነው። በ1927 ኩዊንስ ውስጥ ሩት ስናይደር የምትባል ሴት ከውሽማዋ ከጀድ ግሬይ ጋር ሆና ባሏን ገደለች። ግሬይ የሴቶች የውስጥ ልብስ ሻጭ ነበር። ባልየው ላይ የተገዛው ኢንሹራንስ በዚህ ዓይነት ሞት እጥፍ የሚከፍል ነበር። ኬን ያኔ ኒው ዮርክ ጋዜጠኛ ነው። በጥር 1928 ሲንግ ሲንግ እስር ቤት በኤሌክትሪክ ወንበር ተገደለች። ካሜራ ክልክል ነበር። የ«ዴይሊ ኒውስ» ፎቶ አንሺ ግን ትንሽ ካሜራ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አስሮ ገባ፣ ሱሪውን ከፍ አድርጎ አነሳት። ጋዜጣው በፊት ገጹ አወጣው።

ካሳ_ከፋይ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡55

ጋሼ ቁርጭምጭሚት ሲሉ ደነገጥኩ! ዋልተር ፊሊስን መጀመሪያ ሲያያት ዓይኑ የቀረው ቁርጭምጭሚቷ ላይ አይደል? ደረጃውን ስትወርድ አልቦዋ ነው የሚታየው። ቁጭ ብላ እግሯን ስታጣምር ስለ አልቦው ይጠይቃታል፣ ስሟ ተቀርጾበታል። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ያሰረበት ቦታ ላይ እሷ አልቦ አሰረች ማለት ነው። አጋጣሚ ይሆናል እንጂ ጸጉሬ ቆመ።

ጥላ_በመጋረጃ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ያ ንግግራቸው እኮ ሰምና ወርቅ ነው። እሷ ስለ መኪና ፍጥነት ገደብ ታነሳለች፣ 45 ማይል ነው ትለዋለች። እሱ ስንት ላይ ነበርኩ ይላል። ወደ 90፣ ትለዋለች። ከሞተርሳይክልሽ ውረጂና ቅጣት ጻፊልኝ ይላል። ሰሙ ትራፊክ ፖሊስ ነው፣ ወርቁን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ሦስት_እግር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡35

ሁሉን ነገር ሰምና ወርቅ ማድረጉ ይቅርብን ወንድሜ። ማሽኮርመም ነው።

ጥላ_በመጋረጃ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

እሺ ማሽኮርመም ይሁን። ግን ለምን እንዲህ ተጠማዘዘ? ሳንሱር ስለነበረ ነው። በ1930ዎቹ አጋማሽ ስቱዲዮዎቹ ይህን ታሪክ ሲፈልጉት የሳንሱሩ ሹም ጆሴፍ ብሪን ለፊልም አይሆንም ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። ሁሉም እጃቸውን ሰበሰቡ። ዋይልደር ሲነካው ዓመታት አልፈዋል። በግልጽ መናገር የማይችል ሰው ምን ያደርጋል? አገራችን ሰው ይህን ለማስረዳት ፕሮፌሰር አያስፈልገውም።

ቻንድለር እዚህ ላይ ነው ዋጋው። የኬን ንግግሮች ወረቀት ላይ ሲነበቡ ጥሩ ናቸው፣ ተዋናዮች ጮክ ብለው ሲያነቧቸው ግን ሞቱ። ለዓይን እንጂ ለጆሮ አልተጻፉም አለ ቻንድለር። ስለዚህ አዲስ ጻፉ። ሁለቱ ሰዎች ደግሞ አይዋደዱም ነበር። ቻንድለር ዋይልደርን ለስቱዲዮው በጽሑፍ ከስሶታል፣ ቢሮ ውስጥ ባርኔጣውን አያወልቅም፣ ስልክ ላይ ከሴቶች ጋር ያወራል ብሎ። ፊልሙ ውስጥ ግን ቻንድለር ራሱ አለ! ከኬይስ ቢሮ ውጪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያነባል፣ ዋልተር በፊቱ ያልፋል። ለስንት ዓመት ማንም ልብ አላለውም።

ኩራዝ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡45

ስለ ንግግሩ እሺ። ስለ መጨረሻው ግን አልተመለሰልኝም። የሻርኩ ሌሊት በክብሪት ይለወጣል?

ጥላ_በመጋረጃ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡10

ጋሽ ኩራዝ፣ ሌሊት ሙሉ ሳስብበት አደርኩ።

ሦስት መጨረሻዎች አሉ። አንዱ እርስዎ ያሉት ነው። ሁለተኛው ተቀርጾ የተጣለው ነው። ዋይልደር ዋልተር በጋዝ ክፍል ውስጥ ሲገደል፣ ኬይስም በመስታወቱ ሲያየው ቀርጾ ነበር። ለዚያ ትዕይንት ብዙ ገንዘብ ወጥቷል፣ ፎቶዎቹ አሁንም አሉ። ከዚያ ቆርጦ ጣለው። በሩ ሥር ያለው ትዕይንት ሁሉን ብሎ ጨርሶ ነበራ! ሦስተኛው ክብሪቱ ነው።

እርስዎ ባሉት መጨረሻ ላይ ዋልተር ከሞት ጋር ነው የሚሄደው። ዋልተር ግን ታሪኩን ለማን ነው የሚያወራው? መጽሐፉ ውስጥ ለኬይስ የሚሰጥ ቃል ነው፣ ቁጭ ብሎ ይጽፈዋል። ከሥር የሆስፒታልና የሕግ ሽታ አለው። ፊልሙ ውስጥ ደሙ እየፈሰሰ፣ በሌሊት ባዶ ቢሮ ገብቶ ዲክታፎን (የድምፅ መቅጃ) ከፍቶ ለኬይስ ይናገራል። መሸሽ ይችል ነበር። ሰዓት ነበረው። ወደ ሜክሲኮ ድንበር ከመንዳት ይልቅ መጥቶ ለአንድ ሰው መናገር መረጠ።

ኬይስ ሆዱ ውስጥ «ትንሽ ሰውዬ» አለ ይላል። የውሸት ካሳ ጥያቄ ሲመጣ ምግብ አያስወርድለትም። እኛ «ሆዴ ነገረኝ» የምንለው ነው። ያ ሆድ ሁሉን ሰው ይጠረጥራል፣ ዋልተርን ብቻ አልጠረጠረም። ለምን እንደሆነ ዋልተር ራሱ ይነግረዋል፣ በጣም ቅርብህ ነበርኩ፣ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ይለዋል። ኬይስ «ከዚያም ይቀርብ ነበር» ብሎ ይመልሳል። ከዚህ በኋላ የጋዝ ክፍል ምን ይጨምራል?

ሦስት_እግር | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡00

ጋሽ ኩራዝን ለማናደድ ያህል፦ ደራሲው ራሱ የፊልሙን መጨረሻ ከራሱ አስበልጧል። ዲክታፎኑንም እኔ ባስበው ኖሮ አደርገው ነበር ብሏል።

ኩራዝ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡25

ደራሲ ስለ ራሱ መጽሐፍ ሁልጊዜ ልክ ነው ያለህ ማነው? እናት ልጇን ብትንቀው ልጁ አይረባም ማለት ነው?

አንድ ነገር ግን ለጥላ ልስጠው። መጽሐፉ ውስጥ ኬይስን አላስታውሰውም። ፊሊስን አርባ ዓመት አስታውሻታለሁ፣ ኬይስ ወፍራም እንደነበር ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ። ፊልሙ ውስጥ ኤድዋርድ ሮቢንሰን ሆኖ ሲመጣ ሌላውን ሁሉ ጥላ አጠላበት። ራሱን በመግደልና በአደጋ መሃል ያለውን ልዩነት ለአለቃው ሲያስረዳ፣ በመርዝ፣ በመርዝ ዓይነት፣ በዝላይ፣ ከየት በመዝለል ብሎ ስታቲስቲክሱን ሲደረድርለት፣ ያን ንግግር በቃሌ ልይዘው ሞክሬ አቃተኝ። ትንፋሽ አይወስድም ሰውየው።

ካሳ_ከፋይ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡15

ጋሼ፣ ያን ክፍል ለአለቃዬ አሳይቼዋለሁ። አልሳቀም።

ፌርፋክስ_ጥግ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

መኪናዋን ረሳችኋት። ሬሳውን ሐዲዱ ላይ ጥለው ይገባሉ፣ ፊሊስ ሞተር ስታስነሳ እምቢ ይላል። እንደገና። እምቢ። ዋይልደር በዚያ ትዕይንት ሰሞን የራሱ መኪና አልነሳ ብሎት ነው ሐሳቡ የመጣለት፣ ሮጦ ተመልሶ ጨመረው። አስቡት፣ ባል የገደሉ ሰዎች ናቸው፣ እኔ ግን እጄን ወደ ቁልፉ እየሰደድኩ «ተነሺ በናትሽ» እላለሁ። መኪና ነድቶ የሚያድር ሰው ሁሉ ለአንዲት ደቂቃ ተባባሪ ይሆናል።

ቀለም_ይሻላል | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡50

አየሁት። አልተኛሁም። እሺ በቃ፣ አሸነፋችሁኝ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ዋልተር ላጤ ነው ተብሏል፣ ጣቱ ላይ ግን የጋብቻ ቀለበት አለ። ሁለተኛ፣ ፊሊስ ከአፓርታማው በር ጀርባ ስትደበቅ በሩ ወደ ኮሪደሩ ነው የሚከፈተው። የማን ቤት በር ነው ወደ ውጪ የሚከፈት?

ጥላ_በመጋረጃ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5፡05

😂 እንኳን ደህና መጣህ። ቀለበቱ የተዋናዩ የፍሬድ ማክመሪ የራሱ ነው፣ ማውለቁን ረስተውት ነው። በሩ ደግሞ ለትዕይንቱ ሲባል የተገለበጠ ነው። ወደ ውስጥ ቢከፈት ኬይስ ያያታላ! ሰባት ኦስካር ታጭቶ አንድም አላገኘም፣ በበሩ ይሆን እንዴ?

ቀለም_ይሻላል | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5፡20

ሌላም አለ። ክብሪቱን በጥፍሬ ሞከርኩት። አንድ ሙሉ ቀፎ ጨረስኩ። የኛ ክብሪት ከቀፎው ጎን ሌላ ቦታ አይጫርም። ጥፍሬ ጠቆረ እንጂ እሳት የለም።

ካሳ_ከፋይ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5፡25

አደጋው የደረሰው ባቡር ላይ ነው? 😄

ቀለም_ይሻላል | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5፡27

ኩሽና ውስጥ።

ካሳ_ከፋይ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5፡28

እንግዲያው እጥፍ የለም።